በግድግዳ ውስጥ የሚቀር ገመድ፦ የቤት ኔትወርክ ዝርጋታ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ የተሠራው መለካት ብቻ ነው። ሜትር፣ እርሳስና ደብተር ይዤ ቤቱን ከታች እስከ ላይ ዞርኩት።

ለወራት ያስቸገረኝን ነገር በቅድሚያ በቁጥር ማስቀመጥ ፈለግኩ፤ ያለዚያ ሥራው ሲያልቅ ለውጡን የምመዝንበት አይኖረኝም። ራውተሩ ከታች ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ፎቅ ላይ ካሉት ሁለት መኝታ ቤቶች የሩቁን ከራውተሩ የሚለዩት ሁለት ግድግዳዎችና አንድ የኮንክሪት ወለል ናቸው። በዚያ ክፍል ሆኜ ከታች ካለው ኮምፒውተር ጋር ያለውን የዋይ ፋይ ፍጥነት አይፐርፍ በተባለው ፕሮግራም አሥር ጊዜ ለካሁ። አማካዩ 38 ሜጋቢት በሰከንድ ሆነ። የመልእክቱ የደርሶ መልስ ጊዜ ደግሞ አንዴ 4 ሚሊሰከንድ፣ አንዴ 180 እያለ ይዋልላል። ከዝግታው ይልቅ ያስመረረኝ ይህ መዋለል ነው። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የሰው ድምፅ የሚቆራረጠው ፍጥነት ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ጥቂቱም ቢሆን በእኩል ጊዜ ስለማይደርስ ነው።

ሌላው ምክንያት የአባቴ ፎቶግራፎች ናቸው። የቆዩትን አንድ በአንድ በስካነር ወደ ኮምፒውተር አስገብቻቸው 40 ጊጋባይት ደርሰዋል። ሁለተኛው ቅጂ ፎቅ ላይ ባለው ኮምፒውተር እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። በዋይ ፋይ ሲላክ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም መሐል ላይ ካልተቋረጠ።

አባቴ በየክፍሉ ስለካ አይተውኝ «ገመድ የሌለው እያለ ለምን ግድግዳ ትነካካለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የመለስኩላቸው እንዲህ ነው፦ በዋይ ፋይ ሁሉም መሣሪያ የሚነጋገረው በአንድ አየር ላይ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ጸጥ ብሎ ተራውን ይጠብቃል፣ የጎረቤት ዋይ ፋይም በዚያው አየር ላይ ያወራል። ኬብል ግን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የብቻው መንገድ ነው፤ በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም ይቻላል። ስልኮችና ታብሌቶች በዋይ ፋይ ይቀጥላሉ። ከቦታቸው የማይነሱት ወደ ኬብል ሲሄዱ አየሩም ለቀሪዎቹ ይሰፋል። «እንግዲያው ልስኑን አታበላሽብኝ» አሉና ሄዱ።

የመስመሮቹ ርዝመት፦ ሳሎን 9 ሜትር፣ የጥናት ክፍል 14፣ ቅርቡ መኝታ ቤት 18፣ ሩቁ መኝታ ቤት 23፣ የዋይ ፋይ ማሰራጫው የሚሰቀልበት የፎቁ ኮሪደር ኮርኒስ 12። ሁሉም የሚነሱት ከደረጃው ሥር ካለው ትንሽ ቁም ሳጥን ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሁለት ኬብል እስባለሁ። ግድግዳ አንዴ ተከፍቶ አንድ ኬብል ብቻ ማስገባት አይገባም፤ ሁለተኛውን ለመጨመር የሚያስፈልገው ድካም ከመጀመሪያው እኩል ነውና። ድምሩ 152 ሜትር ሆነ። በየመስመሩ 3 ሜትር መጠባበቂያ ሲጨመር 182። አንድ ሙሉ ጥቅልል 305 ሜትር ስለሆነ ይበቃል።

ቀን 2

ምን ዓይነት ኬብል?

የኔትወርክ ኬብሎች በደረጃ ይለያሉ፤ «ካት» የደረጃው መጠሪያ ነው። ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት በሰከንድ ያደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው መስፈርት ደግሞ በዚያው ኬብል 2.5 ጊጋቢት እንዲሄድ አስችሏል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ካት 5ኢ ቀድሞ የተቀበረለት ሰው ነቅሎ መጣል የለበትም። ካት 6 የተሠራው ለ250 ሜጋሄርዝ ነው፤ 10 ጊጋቢትን እስከ 55 ሜትር ይሸከማል፣ ብዙ ኬብሎች ተጠጋግተው በሚሄዱበት ቦታ ግን ርቀቱ ወደ 37 ሜትር ይወርዳል። ካት 6ኤ 10 ጊጋቢትን ሙሉውን 100 ሜትር ያደርሳል፤ ነገር ግን ወፍራምና ግትር በመሆኑ በጠባብ ቱቦና በትንሽ የግድግዳ ሳጥን ውስጥ ያስቸግራል። የእኔ ረጅሙ መስመር 23 ሜትር ነው። ካት 6 ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር ማሳደድ ጥቅሙ አይታየኝም። ካት 8 እስከ 30 ሜትር ለሚደርሱ የመረጃ ማዕከል መስመሮች የታሰበ ነው። ካት 7 ደግሞ አርጄ 45 ከሚባለው ከተለመደው የኔትወርክ መሰኪያ የተለየ ማያያዣ ታስቦለት የወጣ ስለሆነ፣ በአርጄ 45 ሲዘጋ ከፍ ያለው ቁጥር ትርጉሙን ያጣል።

የብረት መከለያ የተጠቀለለበትን ኬብልም ትቼዋለሁ። መከለያው የሚጠቅመው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ሄዶ በአግባቡ ከመሬት ጋር ሲገናኝ ነው። በተራ መኖሪያ ቤት፣ ከኃይል መስመር ርቆ ለሚሄድ ኬብል አያስፈልግም።

በግቢው ጥግ ላለው ክፍል መስመር እንድዘረጋ ታናሽ ወንድሜ ጠይቆኝ ነበር። በመዳብ አልዘረጋም። ሁለት ሕንፃዎች የመሬት ግንኙነታቸው እኩል ላይሆን ይችላል፤ መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ ደግሞ በመካከላቸው ያለው መዳብ ጉዳቱን ወደ ሁለቱም ያስገባል። እዚያ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ኃይል የማያስተላልፈው ፋይበር ነው፤ ለሌላ ጊዜ አስተላልፌዋለሁ።

ቀን 5

ጥቅልሉ መጣ፤ መልሼ ላክሁት።

ሳጥኑ ላይ «ካት 6» ተጽፏል። ሳነሳው ግን እጄ ተጠራጠረ፤ ቀለለኝ። 305 ሜትር መዳብ እንዲህ በአንድ እጅ አይነሳም። ጫፉን ላጥኩና አንዱን ሽቦ በቢላዋ ፋቅ አደረግኩት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ወጣ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ለማረጋገጥ ሌላ መንገድ አለ፤ መልቲሜትር ላለው ሁሉ እመክራለሁ። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በአራት ጥንድ ተጠማዘው ይሄዳሉ። በጥቅልሉ አንድ ጫፍ የአንዱን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች አጋጥሜ ጠመዘዝኳቸው፤ በሌላው ጫፍ ተቃውሞውን ለካሁ። ለካት 6 የተለመደው፣ 0.57 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ መዳብ በ305 ሜትር ደርሶ መልስ ወደ 41 ወይም 42 ኦም ሊያሳይ ይገባል። የእኔ 65 አሳየ። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል የሚል ይኖራል፤ በአጭር ርቀት መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔቱም ይመጣል። ጭንቀቱ ከዓመታት በኋላ ላለው ነው። አሉሚኒየም ሲታጠፍ ከመዳብ ቶሎ ይሰበራል፤ በሶኬቱ የብረት ጥርስ ተጭኖ የተያዘበት ቦታ ውሎ አድሮ ይላላል፣ አየር ሲነካው ኃይል የማያሳልፍ ቆዳ ያወጣል። የኮርኒሱ ማሰራጫ ኃይሉን የሚያገኘው በዚሁ ኬብል፣ ፒኦኢ በተባለው ዘዴ ነው፤ ተቃውሞው የበዛ ሽቦ ደግሞ ኃይሉን ወደ ሙቀት እየለወጠ መንገድ ላይ ያባክነዋል። የኬብል መስፈርቶቹ ይህን ዓይነቱን ሽቦ አይቀበሉም። ሳጥኑ ላይ የካት ቁጥር መታተሙ ሽቦውን መዳብ አያደርገውም። በግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ነገር ላይ እንዲህ ያለ ማታለል ሲሠራ ከልቤ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም ገዢው የሚያውቀው ልስኑ ከደረቀ በኋላ ነው።

ቀን 9

ሁለተኛው ጥቅልል ደረሰ። ከባድ ነው። ሲፋቅ እስከ ውስጥ ቀይ። መልቲሜትሩ 42 ኦም። ሽፋኑም በቃጠሎ ጊዜ የሚያወጣው ጭስ ጥቂት የሆነ ዓይነት ነው፤ ኬብሉ ከመኝታ ቤቶች በላይ ስለሚያልፍ ይህን አጥብቄ ፈልጌዋለሁ።

ለግድግዳው የገዛሁት ሽቦው አንድ ወጥ የሆነውን ነው። ከግድግዳው ሶኬት እስከ ኮምፒውተሩ ለሚሄደው አጭር ገመድ ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመዱበት ይሻላል፤ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ስለሚታገሥ። ወጡ ሽቦ አንዴ ተዘርግቶ እንዲቀመጥ፣ የተገመደው ደግሞ እንዲንቀሳቀስ ተሠርተዋል፤ ቦታቸውን ማለዋወጥ አይገባም። ለ100 ሜትሩ ልክ የሚታሰበውም በዚሁ ነው፦ 90 ሜትር በግድግዳ ውስጥ፣ 10 ሜትር በሁለቱ ጫፍ ባሉት አጫጭር ገመዶች።

ማታ መንገዱን በእርሳስ ግድግዳው ላይ አሰመርኩ። ከደረጃው ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ከዚያ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከዚያ በየክፍሉ ወደ ታች። የኤሌክትሪክ ቱቦዎቹ በሚሄዱበት በኩል አልሄድም። ጎን ለጎን የሚሄዱበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ በመካከላቸው 20 ሴንቲሜትር አኖራለሁ። መሻገር ግድ የሆነበት ሁለት ቦታ ደግሞ በቀጥታ ማዕዘን፣ እንደ መስቀለኛ መንገድ ይሻገራሉ። የኃይሉንና የመረጃውን ሽቦ በአንድ ቱቦ ማስገባት በፍጹም የማይደረግ ነው፤ የኃይሉ ሽቦ ሽፋኑ ቢጎዳ ኔትወርኩ ሰው የሚገድል ኃይል ይሸከማልና።

ቀን 10

ቁፋሮ። አቧራው አሁንም ከጉሮሮዬ አልወጣም።

የተቀበረ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳለ የሚጠቁመውን መሣሪያ በየቦታው ሳላሳልፍ መሰርሰሪያውን አላስነሳሁም፤ ዋናውን ማብሪያም አጥፍቼ ነበር። ቱቦዎቹ 25 ሚሊሜትር ናቸው። አንዱ ካት 6 ወደ 6 ሚሊሜትር ስለሚወፍር አራቱ ሲገቡ ከቱቦው ሆድ ሲሶውን ያህል ይይዛሉ። ከ40 በመቶ በላይ መሙላት አይመከርም፤ ኬብሉ እየተፋተገ ይጎተታል፣ ነገ ሌላ ለመጨመርም ቦታ አይኖርም። በማዕዘኖቹ ላይ ሹል መታጠፊያ አላደረግኩም፤ ቱቦውን በሰፊው አጎበጥኩት። የመታጠፊያው ሬዲየስ ከኬብሉ ውፍረት አራት እጥፍ ማነስ የለበትም፤ ለእኔ 2.5 ሴንቲሜትር ማለት ነው፣ እኔ ግን እጥፍ አድርጌ ሠራሁት።

ቀን 11 እና 12

መሳብ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ወንድሜ ከላይ ይስባል፣ እኔ ከታች ከጥቅልሉ እየፈታሁ አቀብላለሁ። መጀመሪያ ቀጭን ገመድ በቱቦው ውስጥ ላክን፤ ጫፉ ላይ ኬብሎቹን እርስ በርስ አስበልጠን እንደ ሾጣጣ አሰርናቸውና በቴፕ ሸፈንናቸው። እያንዳንዱ ኬብል ከመግባቱ በፊት በሁለቱም ጫፍ ቁጥሩን ጻፍኩ። ጫፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ግማሽ ሜትር ገባ ብሎም ደግሜ ጻፍኩ፤ ጫፉ ተቆርጦ ይጣላልና።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ኬብል ተበላሸብን። ወደ ሩቁ መኝታ ቤት የሚሄደው ማዕዘን ላይ ያዘ። ወንድሜ ጠንከር አድርጎ ሳበው፤ እኔም ከታች እንዳይፈታ ይዤው ነበር። ለካት 6 የሚፈቀደው የመሳብ ኃይል 110 ኒውተን ነው፤ 11 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ እንደማንጠልጠል። ከዚያ እንዳለፈ ክንዴ ነግሮኛል። ስናወጣው አንድ ቦታ ላይ ክፉኛ ታጥፎ ቀርቷል፤ ሽፋኑ ግን ሳይቀደድ ደህና መስሏል። ወንድሜ «በእጅ ብናቃናውስ?» አለ። ከውጭ ይቃናል። ውስጥ ያሉት ጥንዶች ግን ተለቃቅቀው ቦታቸውን ለውጠዋል፤ እነሱን መመለስ የሚችል እጅ የለም። 26 ሜትር ኬብል ወደ ጎን አስቀመጥንና አዲስ ሳብን። ጥቅልሉ ስለሚተርፍ ይህን ለመወሰን አልተቸገርኩም። ጤናማው ክፍል ለአጭር መስመር ይሆናል።

ከኮርኒሱ በላይ ኬብሎቹን ያሰርኩት ጣት በሚያስገባ ላላ ማሰሪያ፣ ሊፈታ በሚችል ጨርቅ ነው። የፕላስቲኩን ማሰሪያ እስኪሰምጥ መጎተት ኬብሉን ማነቅ ነው።

ቀን 14

የግድግዳ ሶኬቶቹ መጥተዋል፤ ሁሉም ኬብሎች የሚያርፉበት ፓች ፓኔል ግን ገና ነው። ቢያንስ የኮሪደሩን ማሰራጫ ዛሬ ለማስነሳት ጓጓሁ። ስለዚህ ከሁለቱ የኮሪደር መስመሮች አንዱን በሁለቱም ጫፍ በአርጄ 45 እንድንዘጋው ወሰንኩ። እኔ ሶኬት ስገጥም ወንድሜ ሁለቱን ጫፎች ዘጋ። የኬብል መፈተሻውን ሰካን፤ ስምንቱ መብራቶች ከ1 እስከ 8 በቅደም ተከተል በሩ። ተደሰትን።

ማሰራጫው ተነሣ። ነገር ግን ግንኙነቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣም ፋይል በተላከ ቁጥር ተበላሽተው የደረሱ መልእክቶችን የሚቆጥረው የስህተት ቆጣሪ ይሮጣል፤ ፍጥነቱ 60 ሜጋቢት እንኳ አልሞላም። ማሰራጫውን አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ያው። አጭሩን ገመድ ቀየርኩ፤ ያው። ወንድሜ መፈተሻውን ደጋግሞ ይሰካል፤ መብራቶቹም ደጋግመው «ደህና ነው» ይላሉ። እኩለ ሌሊት ላይ አቆምን።

ቀን 15

ተገኘ። ከዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ለሰው ንገር ብባል የምነግረው ይህን ነው።

ጠዋት ጫፉን ወደ ብርሃን አቅርቤ ቀለሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ያማረ አሰላለፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም ከወንድሙ ጎን ቆሟል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ መፈተሻው ምንም አላገኘበትም። አንደኛው ሽቦ ከአንደኛው፣ ስምንተኛው ከስምንተኛው በእርግጥ ተገናኝቷል። ኔትወርኩ ግን አይሠራም።

ትክክለኛው፣ ቲ568ቢ የተባለው አሰላለፍ ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ተለያይቶ በ3ኛውና በ6ኛው ቦታ ይቆማል፤ ሰማያዊው በመካከሉ፣ በ4ኛውና በ5ኛው። ለዓይን ግራ ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። መሣሪያዎቹ መልእክቱን የሚልኩት በጥንድ ነው፦ 1 ከ2፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5፣ 7 ከ8። በወንድሜ አሰላለፍ 3ኛውና 6ኛው ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች የመጡ ሽቦዎች ሆኑ፤ 4ኛውና 5ኛውም እንዲሁ።

ይህ ለምን ያበላሻል? የኬብሉ ጥበብ ያለው በመጠምዘዙ ውስጥ ስለሆነ ነው። ጥንዱ ሲልክ በአንደኛው ሽቦ ከፍ ያለው በሌላኛው ዝቅ ይላል፤ ተቀባዩ የሚያነበው ልዩነታቸውን ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ተጠማዘው ሲሄዱ ከውጭ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል፤ ልዩነቱ ሲወሰድ ረብሻው ተጣፍቶ ይቀራል። አራቱ ጥንዶች የሚጠማዘዙበት ልክ ደግሞ ይለያያል፤ አንዱ ጠበቅ፣ አንዱ ላላ ይላል፤ አንዱ የሌላውን ንግግር እንዳይሰማ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ለተጠማዘዘ ጥንድ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው፤ በጎረቤት መስመር የሚያወራው ሰው ድምፅ ወደ ስልኩ እንዳይገባ። በዚህ ሁሉ ዓመት መሠረቱ አልተለወጠም። አብሮት ካልተጠማዘዘ ሽቦ ጋር የተጣመረ ሽቦ ግን ከዚህ መከላከያ ውጭ ነው፤ በዚያ ላይ ባልንጀራው ከሌላ ጥንድ ጋር ተጠምዝዞ የዚያን ንግግር ይቀበላል። ርካሹ መፈተሻ የሚያየው ኃይል ማለፉን ብቻ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አያይም።

ወንድሜ አዘነ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ቀለሞቹን ነገርኩት እንጂ ምክንያቱን አላስረዳሁትም። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ የተዘበራረቀ የመሰለውን ማስተካከሉ አይፈረድበትም። ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየሁት፤ ሁለቱን ጫፎች እርሱ ራሱ ቆርጦ እንደገና ዘጋቸው። ግንኙነቱ በ1 ጊጋቢት መጣ፤ የስህተት ቆጣሪው ለአንድ ሰዓት ያህል ከዜሮ አልተነቃነቀም። መፈተሻውን ትተን በቆጣሪውና በፍጥነት መለኪያው መመዘን የጀመርነው ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው።

ቲ568ኤ የሚባል ሌላ አሰላለፍም አለ፤ ብርቱካኑና አረንጓዴው ቦታ ይለዋወጣሉ። ሁለቱም እኩል ይሠራሉ። ወሳኙ በመላው ቤት አንዱን ብቻ መያዝ ነው።

ቀን 17

ፓች ፓኔሉ ተገጠመ። አሥሩ ኬብሎች ከጀርባው አረፉ፣ ሌሎቹ አሥር ጫፎች በግድግዳ ሶኬቶቹ ላይ። ከጊዜያዊው መስመርም አርጄ 45ቶቹን ቆርጬ ልክ እንደ ሌሎቹ አደረግኩት።

ቀለሙ በሶኬቱ ጎን ስለታተመ አሰላለፉን መሳት ያስቸግራል። በዚህ ደረጃ ትዕግሥት የሚጠይቀው መጠምዘዙን መጠበቅ ነው፤ ጥንዱ ከ13 ሚሊሜትር በላይ መፈታት የለበትም። ሽቦዎቹን ፈትቶ፣ ዘርግቶ፣ በቀላሉ መጫን ያጓጓል። እኔ ጥንዱን ሳልፈታ እስከ ጥርሱ አፍ አምጥቼ በመጨረሻ ብቻ ከፈትኩት። አንዱ ሶኬት አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፤ ከስድስተኛው በኋላ ወደ አምስት ወረደ።

ከአሥሩ አንዱ፣ የጥናት ክፍሉ ሁለተኛ መስመር፣ በ100 ሜጋቢት ብቻ ተነሣ። ይህን በሽታ ማወቅ ይጠቅማል። 100 ሜጋቢት በሁለት ጥንድ፣ በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ይሄዳል፤ ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንዶች ይፈልጋል። ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ 100 ሲወርድ ሰማያዊውን ወይም ቡናማውን መጠርጠር ነው። ቡናማው ነበር፤ ፓኔሉ ላይ ጥርሱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልገባም። በመሣሪያው ደግሜ ስጫነው ተስተካከለ።

ቀን 18

መስመሮቹን ሁሉ እርስ በርስ የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ስዊቹ፣ ባለ 16 ቀዳዳ፣ ሁሉም ጊጋቢት፣ ማራገቢያ የሌለው ነው። ከደረጃው ሥር ያለው ቁም ሳጥን ከመኝታ ቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ድምፅ የማያሰማውን መረጥኩ። አየር እንዲገባ የሳጥኑን በር ከላይና ከታች ከፈትኩለት።

ወንድሜ አመሻሽ ላይ «አንዳንዱ ስልክ ኢንተርኔት ያገኛል፣ አንዳንዱ አያገኝም» ብሎ ጠራኝ። የኮሪደሩን ማሰራጫ በዚያው ቀን አንሥቼ በአሮጌ ራውተር ተክቼው ነበር፤ አሮጌው ራውተር ደግሞ እንደ ቀድሞው ለየመሣሪያው የኔትወርክ አድራሻ ያድላል፣ ዋናውም ያድላል። በአንድ ቤት አድራሻ የሚያድለው አንድ ብቻ መሆን አለበት። የአሮጌውን ማደያ ዘጋሁ፣ የራሱንም አድራሻ ከዋናው እንዳይጋጭ ቀየርኩ፣ ኬብሉንም ኢንተርኔት ከሚል ቀዳዳው አውጥቼ ከሌሎቹ በአንዱ ሰካሁት። ሁሉም ስልክ ተስተካከለ። አሮጌው ራውተር ግን ፒኦኢ ስለማይቀበልና ከኮርኒስ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ስለሌለ፣ ወደ መጀመሪያው ማሰራጫ ተመለስኩ፤ እርሱ ኃይሉን ከደረጃው ሥር በተሰካ ትንሽ ማቀበያ በኬብሉ ያገኛል።

ቀን 19

መለካት፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። ያው ክፍል፣ ያው ላፕቶፕ፣ ያው ፕሮግራም፣ አሥር ጊዜ።

941 ሜጋቢት በሰከንድ። አሥሩም ጊዜ በ1 እና በ2 ብቻ ይለያያሉ። 1,000 ያልሞላው ችግር ኖሮበት አይደለም፤ ቀሪው እያንዳንዱ እሽግ መልእክት አድራሻውንና መለያውን የሚጽፍበት ቦታ ነው። የደርሶ መልሱ ጊዜ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ሆኖ ጸንቷል። ከቁጥሮቹ ሁሉ የወደድኩት ይህን መጽናት ነው።

የኢንተርኔቱ ፍጥነት አልጨመረም፤ ሊጨምርም አይችልም። ከአገልግሎት ሰጪው የሚገባው ያው ነው። የተለወጠው በቤት ውስጥ የሚጠፋው መቅረቱ ነው፦ ከራውተሩ ጎን የሚገኘው ፍጥነት አሁን ሩቁ መኝታ ቤት ድረስ ሳይጎድል ይደርሳል።

ማታ አባቴን ጠርቼ 40 ጊጋባይቱን ላክሁ። ወንበር አምጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ስድስት ደቂቃ ከግማሽ ፈጀ። ላይ ቤት ወጥተን ከመሐል አንድ ፎቶግራፍ ከፈትኩላቸው፤ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት፣ ከዚያ «የሚቀጥለውን አሳየኝ» አሉ።

ቀን 21

የቀሩ ጥቃቅን ነገሮች። በየቱቦው ውስጥ አንድ አንድ የመሳቢያ ገመድ ትቻለሁ፤ ወደፊት ፋይበር ወይም ሌላ ኬብል ቢያስፈልግ ልስን የሚነካ አይኖርም። በየሶኬቱ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፤ በፓኔሉ ላይም ያው ቁጥር። የመስመሮቹን ካርታ ወንድሜ በደንብ ሣለው፦ ከየት ተነሥቶ በየት አልፎ የት እንደሚደርስ፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦውን የሚሻገረው የቱ ጋ እንደሆነ። በካርታው ግርጌ ስምንቱን ቀለሞች በቅደም ተከተል ቀባቸው፤ ከሥራቸውም ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር በቀስት አገናኘ። ቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍነው።

የመጨረሻውን የሶኬት ክዳን ሩቁ መኝታ ቤት ላይ ገጠምኩ። አባቴ በመብራት ጠጋ ብለው ልስኑን አዩ፤ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ከክዳኑ በስተግራ ያለች አንድ ስንጥቅ አሳዩኝ። ነገ እሞላታለሁ።